ወንድሜ ታክሞ ተመልሶ ጠጣ፤ የእናቴን ወርቅ ሸጠን ደግመን እናስገባው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። የ34 ዓመት ታላቅ ወንድሜ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዳግም አረቄ ሲጠጣ ይረጋለታል። አምና ማገገሚያ ገብቶ አራት ወር ሳይጠጣ ቆየ። ከወጣ በኋላ የተከታተለው ሰው አልነበረም፤ ለፋሲካ ጀመረና አላቆመም። እናታችን የአረቄ ቤት ዕዳውን ተደብቃ ትከፍላለች። አጎታችን ሐይቁ ላይ ካለ ገዳም ወስደን ለሳምንት ጸበል እናስጠምቀው ይላሉ። ሌላ ማገገሚያ ደግሞ «90 በመቶው ይድናል» ብሎናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወርቁ የሚቀድም ነገር አለ። ጠዋት ተንቀጥቅጦ ሲጠጣ የሚረጋ እጅ፣ ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል እንዳቃተው ያሳያል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲከለከል፣ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ላብ፣ ማስታወክና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ሊምታታበት፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊያተኩሰው ይችላል። ቤተሰብ «መንፈሱ ለፈለፈ» ብሎ ሲጠብቅ ሰው ይሞታል። ገዳሙ ላይ ሌሊት እንዲህ ቢሆን ጀልባ ከየት ይመጣል?

አጎታችሁን አትቃወሟቸው፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ለውጡ። መጀመሪያ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት። አብዛኛውን ጊዜ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በየቀኑ እየተቀነሰ ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት መቅደም አለበት። ምግብ የማይበላ ጠጪ ይህ ቫይታሚን ስለሚያጥረው፣ በደንብ የማይበላ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻውን በስንት ሰዓት እንደቀመሰ፣ ከዚህ በፊት አንፈራግጦት ያውቅ እንደሆነና ጫት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ይወስድ እንደሆነም ንገሯቸው። መለኪያውን አሳንሳችሁ አትቁጠሩ፤ ወደ 45 በመቶ አልኮል ያለው ዳግም አረቄ 40 ሚሊ ሊትሩ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ስለሚይዝ፣ አንዱ መለኪያ አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው። ያ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ እሱ ከፈለገ፣ መድኃኒቱን ይዞ ጸበል ቢሄድ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ 90 በመቶው። ይህ ቁጥር ውሸት ሳይሆንም ሊያሳስት ይችላል። 100 ሰው ገባ እንበል። 60ው ጨረሰ፤ ከወራት በኋላ ሲደወል 40ው ተገኘ፤ ከነዚያ 36ቱ «አልጠጣም» አሉ። 36 ከ40 ውስጥ 90 በመቶ ነው። ከገቡት 100 ግን «አልጠጣም» ማለታቸውን የምናውቀው 36ቱን ብቻ ነው። አቋርጠው የወጡትና ስልክ የማያነሱት፣ ማለትም ተመልሰው የመጠጣት ዕድላቸው ከፍ ያለው፣ ከስሌቱ ወጥተዋል። እንግዲህ ማገገሚያውን ጠይቂ፦ 90 በመቶው ከስንት ገቢ ነው? የተለካው በወጡበት ቀን ነው ወይስ ከዓመት በኋላ? የጠፉትን የት ቆጠራችኋቸው? ሌሊት የሚያድር ነርስ አላችሁ? ከወጣ በኋላ ክትትሉ ለስንት ወር ነው? የመጨረሻውን ካልመለሱልሽ ወርቁ አይሸጥ። ወንድምሽ አምና ያጣው እሱን ነው።

ማገርሸቱ ራሱ ሕክምናው ከንቱ ነበር አያሰኝም። ከሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶው እንደሚያገረሽባቸው ይገመታል፤ የደም ግፊትና የአስም ሕሙማንም ቢሆኑ ከዚህ ያነሰ አያገረሽባቸውም። አራቱን ወር ብክነት አትበሉት። ሳይጠጣ በሚውልበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ በዝርዝር አውሩት፦ ያን ጊዜ ማታ ማታ ከማን ጋር ይውል ነበር? ገንዘቡን ማን ይይዝለት ነበር? የፋሲካ ዕለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠላ ይዞ «ቅመስ» ሲለው፣ በስንት ሰዓትና በማን ቤት ቀመሰ? ለእንቁጣጣሽ የምታቅዱት ለዚያች ሰዓት ነው።

እናንተስ? እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 ቤተሰቦች በሦስት መንገድ አግዞ አነጻጽሯል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጠጪውን እንዲጋፈጥ ከተዘጋጀበት 30 በመቶ፣ ቤተሰቡ ወደ መደጋገፊያ ቡድን ከተመራበት 13 በመቶ፣ ጠጪውን እንዴት እንደሚይዝ የሚያስተምረውን፣ ክራፍት የሚባለውን ሥልጠና ከወሰደበት ደግሞ 64 በመቶ ጠጪዎች ሕክምና ጀመሩ። በሦስቱም ቤተሰቡ ራሱ ቀሎታል።

የክራፍት ፍሬ ነገር ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ሳይጠጣ ሲመጣ፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆነህ ስትመጣ ደስ ይለኛል፤ ቡና ላፍላ?» ጠጥቶ ሲመጣ ግን ቡናም ጨዋታም ክርክርም የለም፤ «ጠዋት እናወራለን» ብለሽ ወደ ክፍልሽ ግቢ። እጁን የሚያነሳ ከሆነ ይህን አትሞክሪ፤ ከቤት ወጥታችሁ ዘመድ ጋ እደሩ።

እናታችሁን አትውቀሷቸው፤ የሚከፍሉት ልጃቸው እንዳይዋረድ ብለው ነው። ነገር ግን የሚከፈልለት ሰው መጠጡ ያስከፈለውን አያየውም። አንቺ አብረሻቸው ሂጂና ለአረቄ ሻጯ በጨዋ ደንብ ይንገሯት፦ «የእስካሁኑን ከፍያለሁ፤ ከዛሬ በኋላ የምትሰጪው በእኔ ስም አይደለም።» ያኑ ዕለት ማታ ለእሱም ይንገሩት። ምግቡና ልብሱ አይቋረጥ፤ ጥሬ ገንዘብ ግን እጁ ላይ አይግባ። በዚህ ምክንያት መጠጡ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠበት ግን፣ ከላይ እንዳልኩት አደገኛ ነውና ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ዕዳው እጁ ላይ ሲቀር ይናደዳል፣ ለጥቂት ቀናትም ሊብስበት ይችላል። አንድ ጠዋት ግን «ሰለቸኝ» ይላል፤ ይህ ስሜት እስከ ማታ ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ካርድ የሚወጣው የትኛው መስኮት እንደሆነ፣ ክፍሉ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ ማን አብሮት እንደሚሄድ አሁኑኑ አጣርታችሁ ጨርሱ፤ የባጃጁም ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ።