የምንጫችን ገንዘብ የት ደረሰ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በደቡብ ወሎ ደጋ በአንዲት ትንሽ መንደር የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ ጸሐፊ ነኝ። ካቻምና «ምንጫችሁ ይጎለብታል» ተብለን በየቤቱ ገንዘብ አዋጣን። ድንጋይና አሸዋም አጋዝን። ድንጋዩ እስካሁን እንደተከመረ ነው። በስብሰባ ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» እንባላለን። አሁን ደግሞ ለመንገድ አዋጡ መጣ። ሰው አኩርፏል። የቀበሌው ሊቀመንበር የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሰርግም ለቅሶም አብረን ነን። ሳንጣላ፣ አድመኛም ሳንባል እንዴት እንጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ቢጠይቅ አድማ አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ አካባቢያችሁን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ይህን የምጽፍልህ በስብሰባ ላይ እንድትወረውረው አይደለም። ልብህ እንዲረጋ ነው።

እኔ ከሐይቅ ዙሪያ እስከ ወረኢሉ ድረስ በውሃ ቴክኒሻንነት ብዙ ምንጭ ላይ ሠርቻለሁ። ሕዝብ ሥራ ዘገየ ብሎ ሲያኮርፍ ብዙም አላየሁም። የሚያኮርፈው የሚነግረው ሲያጣ ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ በእጃችሁ አለ። ቅሬያችሁ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይዞ የኖረው በምንድን ነው? ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ማን መዋጮ እንደቀረበት በሁሉም ፊት ይነበባል። ለምንጩም ይኸው ይደረግ ነው የምላችሁ። አዲስ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት የድሮው ይነበብ።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። በስብሰባ ላይ ድንገት ተነስተህ አትጠይቅ፤ ሊቀመንበሩን ያሳፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቱ ሄደው ያናግሩት፤ አንዲት እናትም አብረው ይሁኑ፣ ውሃ የምትቀዳዋ እሷ ናትና። ከዚያ በቅሬው ስም አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ገንዘቡ በማን ስም፣ በየትኛው ሒሳብ ተቀመጠ? ለሰጠው ሁሉ ደረሰኝ ተቆርጧል ወይ? ሲሚንቶ ወይም ቧንቧ ተገዝቶ ከሆነ ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 እና ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 ይታየን። የምንጩ ሥራ ጥናት ወረዳ ደርሷል ወይ? በቃ፣ ከዚህ አይርዘም። ክስ የሚመስል ቃል አይግባበት። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ ቀንና ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ እጃችሁ ይቅር። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት አካል መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ከጠፋ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳው ምክር ቤት ነው የሚኬደው።

መልሱ «በጀት የለም» ሊሆን ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። የ2013 እና የ2014 ጦርነት ወሎ ላይ ብዙ የውሃ ተቋም አፍርሷል፤ ወረዳም ያለውን ወደ ጥገና ያዞራል። ግን በጀት ከሌለ የእናንተ መዋጮ እንዳለ ሊኖር ይገባል። ካለ በባንክ ደብተር ይታያል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄያችሁ በሰኔ መጨረሻ ከደረሰ ዘግይቷል፤ ግንቦት ሳይገባ ወረዳ ይድረስ። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ። ምንጫችሁን ለክታችሁ ሂዱ።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ ወጣቶቹ ይሠሩታል። ውሃውን በአንድ ቦታ አሰባስባችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኑ፤ በስልክ ሰዓት ያዙ። በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጫችሁ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። የገጠር ውሃ መለኪያው በሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። በዚህ ሒሳብ ለ1,700 ሰው ያህል ይበቃል። የሌሊቱ ውሃ ግን ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያም መጠየቅ አለባችሁ። ደጋችሁ በልግ አብቃይ ከሆነ በበልግ ዝናብ የተወሰደ ልኬት ያታልላል። በድርቁ ወር ለኩ፤ ደጋግማችሁ ለክታችሁ ትንሹን ቁጥር ያዙ። ቁጥር ይዞ የመጣ መንደር ቢሮ ሲገባ ወንበር ይሳብለታል፣ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥራው ሲጀመር የምንጩን ዓይን በዶማ አትቆፍሩት። በሚሠራው ሳጥን ውስጥ ያለው ውሃም ከተፈጥሮ ዓይኑ ከፍታ በላይ እንዲተኛ አትፍቀዱ። ውሃው ወደ ኋላ ሲገፋ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። ሰው «ምንጩ ተቆጣ» ይላል፤ ምክንያቱ ግን ግንበኛው ከፍታውን መሳቱ ነው። ከምንጩ በላይ ያለውን ተረተር በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ እርከን ሥሩበት፣ ከከብት ከልክሉት። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ። ትርፉ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ለከብት ገንዳ ይሁን።

በክልላችን የውሃ ኮሚቴው ራሱ ገንዘቡን ይዞ፣ ራሱ ግንበኛ ቀጥሮ የሚሠራበት አሠራርም አለ። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል ለኮሚቴው ይለቀቅ ነበር። ለጥገና የሚሆን ቁጠባም ሥራው ሳይጀመር ያስቀምጡ ነበር። ወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ይህ አሠራር ለእናንተ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ።

የመንገዱ መዋጮስ? አትከልክሉ። መንገድ ስታጡ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወርደው። «የምንጩ ሒሳብ በተነበበ ማግስት እናዋጣለን» በሉ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሰሜን ወሎ ነው፤ የቦኖ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች አሉ። ክፈሉ ማለት ከበደኝ፤ ሳላስከፍል ባሳልፋቸው ደግሞ ሌላው ያጉረመርማል።

መልስ፦ እህቴ፣ አታስከፍያቸው። ግን ብቻሽን አትወስኚ። ኮሚቴው ከቅሬው ጋር ተቀምጦ ስማቸውን ይለይ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት። ለሕዝቡ ቁጥራቸው ብቻ ይነገር፤ ስማቸው በአደባባይ አይጠራ፣ ክብር አላቸው። ለሌላው ደግሞ ክፍያው ለምን እንደሆነ ንገሪው። የቧንቧ ጎሚኒ ይገዛበታል፣ የጥበቃው ደመወዝ ይከፈልበታል። በየወሩ የገዛችሁትን ዕቃ ከነደረሰኙ ቦኖው ላይ አሳዪ።