«ወረዳውን ለቅቄ ተዋናይ ልሁን?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ጽፌልዎት ግን አላውቅም። ዕድሜዬ 29 ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ላይ እሠራለሁ። ደሞዙ እንደሚያውቁት ነው፣ ግን ወር ሲያልቅ ይገባል፤ እናቴም የምትኖረው በሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ቲያትር እንለማመዳለን። አንዳንዴ አዳራሽ አግኝተን እናሳያለን፣ ሰው ያጨበጭባል። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ሰልፍ ይጠብቀኛል፣ «ሲስተም የለም» እያልኩ ስመልስ እውላለሁ።

በቅርቡ ጓደኛዬ «ፐርፌክት ዴይስ» የሚባል ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ። ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ ሽንት ቤት የሚያጸዳ ሰውዬ ነው፣ በቃ። አይናገርም ማለት ይቻላል። ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ስለ ተዋናዩ ፈልጌ ሳነብ ኮጂ ያኩሾ ይባላል፣ ለካ ድሮ እዚያው ቶኪዮ ቺዮዳ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር! ልክ እንደኔ! ቲያትር አየ፣ ሥራውን ተወ፣ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እናቴ ብትሰማ ታብዳለች። እሱ የጀመረው በ22 ዓመቱ ነው፣ እኔ ረፍዶብኛል? ወይስ ደፍሬ ልስጣቸው?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

*

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ደብዳቤውን ከኪስህ አውጥተህ መሳቢያ ውስጥ ክተተው። አትቅደደው፣ ቀን ሊመጣለት ይችላል። ግን በኪስ የተያዘ መልቀቂያ አለቃ የተናደደ ቀን ወጥቶ ይሰጣል፣ እንደዚያ የተለቀቀ ሥራ ደግሞ ማክሰኞ ላይ ይቆጫል።

የያኩሾ ታሪክ ያልከው ነው፣ መሀሉን ግን ዘለኸዋል፣ ለአንተ የሚጠቅምህ ደግሞ መሀሉ ነው። ሰውዬው በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ናጋሳኪ ውስጥ ኢሳሃያ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ሃሺሞቶ ነው፤ ያኩሾ የሚለውን ያወጣለት አስተማሪው ነው፣ «መሥሪያ ቤት» እንደማለት፣ ከየት እንደመጣ እያሰበ። ያ አስተማሪ ታትሱያ ናካዳይ ነው። ያኩሾን ያነሳሳው ቲያትር ላይም፣ የሩሲያዊው ደራሲ የጎርኪ ተውኔት ነበር፣ መድረኩ ላይ የነበረው ናካዳይ ራሱ ነው።

ስለ ናካዳይ ትንሽ ላውራህ፣ ምክንያቱም እሱን ሳታውቅ ያኩሾ አይገባህም። በ1954 ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ሲሠራ ናካዳይ በመንገድ የሚያልፍ ስም የለሽ ሳሙራይ (የድሮ ጃፓን ጦረኛ) ነበር። ፊልሙ ላይ የሚታየው ለሰከንዶች ነው። ለዚያች ሰከንድ ኩሮሳዋ አካሄዱ አልጥመው ብሎ ደጋግሞ ሲያስኬደው ዋለ። ያ ወጣት በ1980 በ«ካገሙሻ»፣ በ1985 ደግሞ በ«ራን» ለዚያው ለኩሮሳዋ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። እንግዲህ መራመድ ብቻውን ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በሰውነቱ የተማረ ሰው ነው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሙሜይጁኩ የሚባለውን የትወና ትምህርት ቤት የከፈተው። በነፃ ነበር የሚያስተምሩት። ታዲያ አመልካቹ በመቶ የሚቆጠር ነበር፣ የሚገባው በጣት የሚቆጠር። ያኩሾ በ1978 ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

የአንተን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ምን እንደምትለቅ በደንብ ጽፈሃል፤ ወዴት እንደምትሄድ አንድ መስመር የለም። ማን ሊያስተምርህ ነው? አካሄድህ ልክ አይደለም፣ እንደገና ና የሚልህ ማነው? የቅዳሜ ጓደኞችህ እንደሆኑ አይሉህም፣ ይወዱሃላ።

ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከገባ በኋላም በሩ ወዲያው የተከፈተለት እንዳይመስልህ። አገሩ በደንብ ያወቀው በ1983 ነው፣ የጃፓኑ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ በድሮው ገዢ በቶኩጋዋ ኢየያሱ ላይ በሠራው የዓመት ሙሉ የቴሌቪዥን ድራማ የጦር አበጋዙን ኦዳ ኖቡናጋን ሲጫወት። ያኔ 27 ዓመቱ ነው። በ1985 «ታምፖፖ» ላይ ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ ከምግብ ጋር ፍቅር የያዘው ወሮበላ ሆነ (ይሄን ፊልም እርቦህ እንዳታየው)። ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰይፍ ታጥቆ ሲዋጋ። በፊልም ስሙ ከጃፓን የወጣው በ1996 «ሻል ዊ ዳንስ?» ሲመጣ ነው፣ 40 ዓመት ሞልቶት። በቀጣዩ ዓመት የተወነበት የዳይሬክተሩ የኢማሙራ ፊልም «ኢሉ» ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን ከአንድ የኢራን ፊልም ጋር ተካፈለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። በ«ሻል ዊ ዳንስ?» ምንድነው የሆነው? ከሥራ ወደ ቤት በባቡር የሚመላለስ፣ የደከመው የሒሳብ ሠራተኛ። ከባቡሩ ሆኖ በመስኮት የቆመች የዳንስ አስተማሪ ያያል፣ አንድ ቀን ደፍሮ ይወርዳል። በ«ኢሉ»ም እስር ቤት ከመግባቱ በፊት የቢሮ ሠራተኛ ነው። ትከሻው እንዴት እንደሚወድቅ፣ ቦርሳውን እንዴት እንደሚይዝ እየው። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግን እነዚያን የክፍለ ከተማ ዓመታት አልጣላቸውም ባይ ነኝ። አንተም መስኮቱ ጋ የሚሰለፈውን ሰው ሰኞ ጠዋት «እንዴት ልገላገለው» ብለህ ሳይሆን እንደ ተዋናይ እየው። የልጁን ልደት ሊያስመዘግብ የመጣ አባት ወረቀቱን እንዴት ነው የሚይዘው? ሲስተም የለም ስትለው መጀመሪያ ፊቱ ነው የሚለወጠው እጁ? ለዚህ ማንም ትምህርት ቤት አያስከፍልህም፣ እንዲያውም ደሞዝ ይከፈልሃል።

ያየኸው ፊልም ላይ ያኩሾ የሚጫወተው ሂራያማ ሽንት ቤቱን ሲያጸዳ ትንሽ መስታወት አውጥቶ የመቀመጫውን ሥር ያያል፣ ታስታውሳለህ? ማንም የማያየውን ቦታ። ያኩሾ ይህን ሥራ ከእውነተኛ ጽዳት ሠራተኞች ጋር ነው የተለማመደው። ለዚህ ነው ያለ ንግግር ዓይንህን የያዘው። በ2023 ካን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት የሰጠው ለዚህ ሥራ ነው፣ በ67 ዓመቱ።

ረፍዶብኛል ወይ ላልከው፣ ያንኑ የካን ሽልማት ከሱ በፊት የወሰደው ጃፓናዊ ዩያ ያጊራ ነው፣ በ2004፣ በ14 ዓመቱ። 14 እና 67። ስለዚህ 29ን ተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ትንንሽ ቦታ እየተጫወትክ መኖር ትችላለህ? ይሄን ለኔ አትመልስልኝ።

እስከዚያ ግን እንዲህ አድርግ። ቲያትር ቤቶችና ፊልም ሠሪዎች ተዋናይ ሲፈልጉ የዓመት ፈቃድህን ቆርጠህ ሂድና ተፈተን። አይሆንም ካሉህ ለምን እንደሆነ ጠይቃቸው፣ አታኩርፍ። ማታ የሚያስተምር ሰው ፈልግ፣ ጓደኛህ ያልሆነ። አንድ ቦታ ተቀብለውህ ጊዜህን በሙሉ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያኔ መጀመሪያ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጡህ እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልሆነ መሳቢያው ክፍት ነው። የእናትህን የስድስት ወር ወጪ ግን አስቀድመህ ለብቻው አስቀምጥ። ነገሩን ከጎረቤት ሳይሆን ካንተ ትስማ፣ በዚያውም ቀጣዩን ትርኢታችሁን አምጥተህ አሳያት፤ እስካሁን አይታህ እንደሆነ አልጻፍክልኝም።

እና ሌላ የያኩሾ ፊልም ከፈለግክ ጓደኛህን «ኪዩር»ን ጠይቀው፣ የ1997 ነው፣ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ። ማታ ብቻህን ሆነህ አትክፈተው፣ እንቅልፍ የለኝም ብለሃላ።