ስለ ፀጉራሟ ሸረሪት ለጠየቅሽው፣ ከእሷ በፊት ግን እናትሽን አሳክሚ

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ አዲሱ ቤታችሁ በር ሥር ማታ ላይ እግሯን ጨምሮ መዳፍ የምታህል ፀጉራም ሸረሪት አገኘን ብለሻል። ወንድምሽ በጫማ ሲመታት ከጀርባዋ ብዙ ጥቃቅን ሸረሪቶች ተበተኑ፤ ትናንት ደግሞ እናትሽ ጎናቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸውና ጎረቤት «ሸረሪቷ ሸንታባቸው ነው» አለ። ጥያቄሽ «ታራንቱላ (ያቺ ሰው የሚፈራት ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት) ናት ወይ? ቤቱን ምን እናስረጨው?» ነው። ለሁለቱም መልስ አለኝ፤ እናትሽን ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

1. ሸረሪት ሸንታ ሰው አታቃጥልም። ሽፍታው አንድ ጎን ብቻ ይዞ፣ ከጀርባ ወደ ሆድ እንደ መቀነት ዞሮ፣ የሰውነትን መሀል ሳይሻገር የቆመ ከሆነ፣ ከመውጣቱ በፊትም ቦታውን ሲያቃጥላቸው ወይም ሲወጋቸው ከነበረ፣ ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው። የሚያመጣው ድሮ ጉድፍ ያስያዛቸው ያው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ከዳነ በኋላ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም በዚያው ነርቭ መስመር ይወጣል። ከቤት ሸረሪት ስለማይጠፋ ጥፋቱ ሁሌ በእሷ ይላከካል።

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚያናድደኝ የሚባክነው ጊዜ ነው። ቫይረሱን የሚያዳክሙት መድኃኒቶች፣ አሲክሎቪርና መሰሎቹ፣ በደንብ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ሰው ግን ያንን ጊዜ ቅጠል ሲቀባ፣ ከፋርማሲ የቆዳ ቅባት ሲለዋውጥ ይጨርሰዋል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሽፍታው ደርቆ ከዳነ በኋላ እንኳ ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ልብስ ሲነካቸው ሁሉ ያማቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ወሬውን ከሸረሪት አትጀምሪ። ማቃጠሉ መቼ ጀመረ፣ ሽፍታው በስንት ሰዓት ታየ፣ ስኳር አለባቸው ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ይህን ተናገሪ። የኤችአይቪ ምርመራ ቢታዘዝ አትቀየሙ፤ በዚህ በሽታ የተለመደ ጥያቄ ነው። ውሃው እስኪደርቅ ቦታው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ጉድፍ ያልያዛት ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን አይንኩት። ሽፍታው ግንባር፣ የዓይን ቆብ ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በቀጥታ ዓይን ሐኪም ጋ ነው።

2. ሸረሪቷ ታራንቱላ አይደለችም። የላክሽልኝ ፎቶ ቢደበዝዝም ከጀርባዋ የተበተኑት ልጆች ይበቃሉ፤ ተኩላ ሸረሪት ናት፣ ወልፍ ስፓይደር የሚሏት። እንቁላሏን በነጭ ድቡልቡል ከረጢት ጠቅልላ ከኋላዋ አጣብቃ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ወጥተው አንድ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሰነብታሉ። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፣ መሬት ለመሬት እየሮጠች ታድናለች። ማታ የስልክሽን መብራት ከዓይንሽ አጠገብ ይዘሽ ግቢውን ብታበሪ ዓይኗ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይመልስልሻል።

ሌላ ካገኛችሁ በጫማ አትጨፍልቋት። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠሽ ድፊባት፣ ከሥር ካርቶን አስገቢ፣ ከዚያ ከላይና ከፊት ለፊት ፎቶ አንሺ፤ ለመጠኗ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቧ አድርጊ። ዋናው ፊቷ ነው። የተኩላ ሸረሪት ስምንት ዓይኖች በሦስት ረድፍ ናቸው፤ ከታች አራት ትንንሽ፣ መሀል ሁለት ትልልቅ ወደ ፊት የሚያዩ፣ ከላይ ሁለት። የታራንቱላ ወገን ዓይኖች ግን አንዲት ጉብታ ላይ ተጨናንቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ጥርሶቿም እንደ ጉጠት አይገጥሙም፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ታች ነው የሚወጉት። ሰውነቷ ጠፍጣፋ ሆኖ እግሮቿን ወደ ጎን ዘርግታ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ከሆነ ሀንትስማን የሚሏት ናት። ፀጉር የመርዝ ምልክት አይደለም፤ በአፍሪካ ሐኪሞች የሚያውቋት ጥቁር መበለት የምትባለው ሸረሪት ትንሽና አንጸባራቂ ናት።

ተኩላ ሸረሪት ስትያዝ ወይም ስትጨፈለቅ ልትነክስ ትችላለች። ያማል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። በውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት፤ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ወይም የመተንፈስ ችግር ከመጣ ሐኪም ቤት፤ የቴታነስ ክትባት ጊዜም ካለፈ ጠይቁ።

3. ርጭቱን ተዉት። ፍሊት ሸረሪትን የሚገድላት በቀጥታ ሲያርፍባት ነው፤ ወለል ላይ የደረቀው ብዙም አይነካት፣ መኝታ ቤት ዘግቶ ተረጭቶበት የሚያድር ሰው ግን ይጎዳል። ማላታዮንና ሌላ የእርሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ መርጨት ደግሞ ከሸረሪቷ እጅግ የከፋ አደጋ ነው። የተበተኑትን ጥቃቅኖች ጠርጋችሁ ውጭ ድፏቸው፤ እርስ በርስም ይበላላሉ፣ ቤት ውስጥ ብዙዎቹ አያድጉም።

እናንተ ሰፈር ትናንት እርሻ ነበር። ክረምት መረሬው ውሃ ሲሞላ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሁሉ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል፣ የብረት በር ሥር ያለው ክፍተትም መግቢያው ነው። በሩ ሥር ወለሉን እስኪነካ ጎማ አስመቱ፣ የፍሳሽ ቱቦ ግድግዳውን የሚበሳበትን ዙሪያ በሲሚንቶ ድፈኑ። ከግንባታ የተረፈውን ብሎኬት፣ ድንጋይና አጣና ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ። በር ላይ ያለውን ነጭ አምፖል ማታ ማታ አጥፉት ወይም በቢጫ ቀይሩት፤ ነፍሳቱ በመብራቱ ይመጣሉ፣ እሷም በእነሱ።