ሳድስን አትገምቱ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ባሕር ዳር ያለ አንድ ተማሪ ከጣና ዳር ሆኖ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ሎዥባንን በፊደላችን ጽፌ ለሻምኼስ ስሰጠው አልቀበልም ይለኛል፤ ፓርሰሩን የቱ ጋ ልንካው?» ሻምኼስ በላቲን ሆሄ የተጻፈ የሎዥባን ዓረፍተ ነገርን የሚተነትን ፕሮግራም፣ ማለትም ፓርሰር ነው። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሎዥባን እ.ኤ.አ. በ1987 ሎግላን ከተባለ ሌላ ሰው ሠራሽ ቋንቋ የወጣ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ በላይ አተናተን እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ። ፓርሰሩን አትንኩት። ሻምኼስ በፔግ የተጻፈ ነው፤ ፔግ የሰዋስው ሕግ መጻፊያ ስልት ሲሆን አማራጮችን በተራ ይሞክርና መጀመሪያ የገጠመውን ይይዛል። ከላይ አንድ አማራጭ ብትጨምሩ ከታች ያለው ሳይሞከር ሊቀር ይችላል፣ ስህተቱም ከነካችሁት ቦታ ርቆ ነው ብቅ የሚለው። ፊደሉን አስቀድሞ ወደ ላቲን የሚለውጥ ትንሽ ፈንክሽን ይበቃል።

ሎዥባን 6 አናባቢ አለው፤ አናባቢ የሌለው ተነባቢ ሲታከልበት 7፣ ልክ እንደ ቤቶቻችን። 17ቱ ተነባቢዎች አንዳንድ ረድፍ ይወስዳሉ፤ ሀ በሎዥባን በሁለት አናባቢ መካከል ለሚገባው አፖስትሮፍ (')፣ አ ለብቻው ለሚቆም አናባቢ ይሁን። ዩኒኮድ ለየፊደሉ ቁጥር ይሰጣል፣ ለየረድፉም 8 ቦታ። ስ በዩኒኮድ 4661 ናት። የሀን ቁጥር 4608 ስትቀንሱ 53፤ ለ8 ሲካፈል 6 ደርሶ 5 ይተርፋል። ቆጠራው ከ0 ስለሚነሳ 6 የሰ ረድፍ፣ 5 ሳድስ ነው።

ቁጭቴ እዚህ ላይ ነው። «ስም» ስንል ስ አናባቢ አላት፣ ም የላትም፤ አማርኛ አንባቢ ሳያስበው ይለያል። እኔም ፕሮግራሙ ይለየው ብዬ፣ አብረው የማይሄዱ ተነባቢዎች ሲገጥሙት ብቻ በመካከላቸው «ኧ» የምትባለውን የሎዥባን አናባቢ (በላቲን y) እንዲያስገባ አደረግሁ። «ቶስማብሩ» ተብሎ የተጻፈ ቃል እስኪመጣ ድረስ ሠራ። ስ እና ም በቃል መነሻ አብረው መቆም ስለሚችሉ ግምቱ ዝም አለ፣ ፓርሰሩም ቃሉን «ቶ» እና «ስማብሩ» ብሎ ሰነጠቀው። ቶ ቅንፍ ትከፍታለች፤ የቀረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቅንፉ ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የተተየበው ጽሑፍ ውስጥ ስለነበር ፕሮግራሙን ማረም አልበቃም፤ ገጽ በገጽ በዓይን መልቀም ግድ ሆነ። መፍትሔው ግን እዚያው ፊደሉ ላይ ነበር፦ «ኧ»ን ለግዕዝ ቤት መስጠት፣ ሳድስ ሁልጊዜ ባዶ ተነባቢ እንዲሆን። «ቶሰማብሩ» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። በአ ረድፍ ላይ ብቻ አ እና ኣ አንድ ይሁኑ፣ ለ«ኧ» ራሷ ኧ አለች።

የዛሬ ልጆች ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸን እንዳገኛችሁ ትተይባላችሁ። እዚህ አይሆንም፤ ሀ አፖስትሮፍ ነው፣ ኸ ሌላ ተነባቢ። የተማሪው «ባሕር ዳር» የወደቀውም በዚሁ ነው፤ ሐ ረድፍ የለውም፣ በሀ ቢተካም አፖስትሮፍ ያለ አናባቢ አይቆምም። «ወደ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» ለማለት «ሚ ክላማ ላ ፡ ባሂርዳር ፡» ብትሉ ያልፋል፤ ስም በተነባቢ ማለቅ አለበት፣ ሁለት ነጥቧንም ለአፍታ ማረፊያ ያዙት። ጣና ይብሳል፤ ጠ የለም፣ «ታና» ብትሉት ደግሞ ታ እና ና የሚባሉ ሁለት ቃላት ይሆናል። «ታናስ» በሉት። ረድፍ የሌለው ፊደል ሲመጣ ፈንክሽኑ በዝምታ አይዋጠው፣ ቆሞ ይናገር።

አንድ ፊደል 1 ወይም 2 የላቲን ሆሄ ስለሚሆን ከየትኛው ፊደል እንደመጣ ቁጥሩን ያዙ፤ አለበለዚያ የስህተት መልእክቱ ሌላ ቦታ ይጠቁማል።

ለዋጩ ሰዋስው ማወቅ የለበትም እላለሁ፣ ግን የባዕድ ቋንቋ ጥቅስ የምትከፍተውን ቃል «ዞኢ»ን ማወቅ አለበት። ከዞኢ በኋላ በሁለት ገ መካከል የገባ አማርኛ ጥቅስ ነው፣ ወደ ላቲን ከተለወጠ ይበላሻል። ሁለተኛዋ ገ እስክትመጣ ድረስ እንዳለ ይለፍ።