«እኔ ራሴ ላድርገው!»፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷን ጠይቁ

ስለ ትንንሽ ልጆች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ጃኬቴን እኔ ራሴ ካልለበስኩ እያለች ሥራ ታስረፍደኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጃኬቱን ከፍተሽ በጀርባው ወለል ላይ ዘርጊው፤ ኮሌታው በእግሯ በኩል ይሁን። ጎንበስ ብላ እጆቿን እጅጌው ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ እጇን ወደ ላይ አንስታ ጃኬቱን በጭንቅላቷ ታሳልፈዋለች። አለቀ፣ ለበሰች! ክፍሌ ውስጥ ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት። ዚፑን ከታች አንቺ አያይዢላት፣ መጎተቱን ለእሷ ተዪላት። ካልሲም እንደዚያው፤ ተረከዙን አንቺ አሳልፊ፣ እሷ ወደ ላይ ትሳበው። መጨረሻውን የሠራች ልጅ «ለበስኩ!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ድርሻዋን እያበዛሽላት ትሄጃለሽ። ጫማ ስትገዢ ማሰሪያ ያለውን ተዪው፣ የሚለጠፈው ይሻላል። ደግሞ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሡ። ለዚህ እንኳ ሌላ ዘዴ የለኝም።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ካላጎረስኩት አይበላም።

መልስ፦ እማማ፣ ጉርሻዎን ማን ይከለክልዎታል! የመጀመሪያዋን ያጉርሱት። ከዚያ በትንሽ ሳህን እንጀራና አልጫ ፊቱ ያስቀምጡለትና እርስዎ የራስዎን ይብሉ። ልብሱ ቢበላሽ ይታጠባል። ጠገብኩ ካለ እየተከተሉ አያጉርሱት። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን 5 ዓመት እስኪሞላው እንዳለ አይስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ሀሁ ጻፍ ስለው ያለቅሳል። የጎረቤት ልጅ እስከ «ፐ» ደርሷል።

መልስ፦ የጎረቤቱን ልጅ ተወው። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ለዚያች ጣት ብዙ ነው። መጀመሪያ ሊጥ ያድቦልቡል፣ ባቄላ ይፈልፍል፤ ጣቱ ይጠንክር። ከዚያ ትሪ ላይ ዱቄት በትንለት፣ በጣቱ የስሙን ፊደላት ይጻፍ። እርሳሱ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነን። በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያደናግርም። በእንግሊዝኛ ውኃ ስትጠይቃችሁ «ውኃ ጠማሽ? ይኸው ውኃ» ብላችሁ ስጧት። «በአማርኛ በይ!» እያላችሁ አታስጨንቋት። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አያት ካሏት ደግሞ በቪዲዮ ደውሉላቸው። ከእኔ የተሻሉ አስተማሪ እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ስልክ ስንት ሰዓት?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ከ2 በታች አይመክርም። እኔ ምግብ ላይ 5 ደቂቃም አልወድም።

ጥያቄ፦ ወተት በደፋ ቁጥር እቆጣዋለሁ።

መልስ፦ ጨርቅ ስጪው። ጨርቁንም እጁ የሚደርስበት ቦታ ስቀዪው።