«ፖሊሲውን መጫን አልተቻለም» ብሎ ስለቆመው ሰርቨር

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂ የአንድ ዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን የክምችትና የሒሳብ ሰርቨር ይቆጣጠራሉ። ሰርቨሩ አልማ ሊኑክስ 9 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ሲሆን፣ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ባለሙያ ኤስኢሊኑክስ የተባለውን አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር አጥፍቶት ሄዷል። እርሳቸው መልሰው ለማብራት የኮንፊግ ፋይሉን ከፍተው «አንዲት ቃል ብቻ» ቀየሩ፤ ማሽኑን ሪስታርት ሲያደርጉት ግን ጥቂት መስመሮች አሳይቶ «ፌይልድ ቱ ሎድ ኤስኢሊኑክስ ፖሊሲ» ብሎ ጻፈና «ፍሪዚንግ» ከሚለው ቃል በኋላ ቀጥ አለ። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? ሲስተሙስ እንደ አዲስ ይጫን? ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ እንደ አዲስ አያስጭኑት፤ ዲስኩንም አያስፈቱት። ሲሠራ የቆየ ማሽን ኮንፊጉ እንደተነካ ወዲያው ከቆመ ጥርጣሬዬ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያው ፋይል ላይ ነው፤ አንዲት ቃል ብቻ መቀየርዎ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ነው። /ኢቲሲ/ኤስኢሊኑክስ/ኮንፊግ በተባለው ፋይል ውስጥ ዓይን የሚያታልሉ ሁለት መስመሮች አሉ። «ኤስኢሊኑክስ=» የሚለው ቁጥጥሩ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ይወስናል፤ «ኤስኢሊኑክስታይፕ=» የሚለው ደግሞ የትኛው ፖሊሲ (የፈቃድና የክልከላ ሕጎች ስብስብ) እንደሚጫን፣ ማለትም በዚያው ሥር ካሉት ፎልደሮች የትኛው እንደሚከፈት ይናገራል። የቀደመው ባለሙያ በሁለቱም ላይ «ዲስኤብልድ» (የጠፋ) ብሎ ጽፎ እንደሄደ እገምታለሁ። ቁጥጥሩ ጠፍቶ እስካለ ድረስ ሁለተኛው መስመር ምንም ቢባል ጉዳት ስለማያመጣ ስሕተቱ ተደብቆ ይከርማል። እርስዎ የመጀመሪያውን ብቻ ወደ «ኢንፎርሲንግ» (አስገዳጅ) ሲመልሱት፣ ማሽኑ ሲነሣ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ሲስተምዲ የተባለ ፕሮግራም «ዲስኤብልድ» የሚባል የፖሊሲ ፎልደር ይፈልግና ያጣል፤ ኢንፎርሲንግ ተብሎ ስለታዘዘም ያለ ፖሊሲ ከመቀጠል መቆምን ይመርጣል።

ሌላም ነገር ከመልእክቱ ይነበባል። በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) የመነሻ መስመር ላይ «ኤስኢሊኑክስ=0» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ መልእክት ጭራሹን አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ ያንን ለመፈለግ ጊዜዎን አያባክኑ። አንድ ፕሮግራም እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት፣ ምን እንደነኩም ሳይመዘግቡ ሒሳብ ተቀብሎ መሄድ በደሴም በወልዲያም የተለመደ «ጥገና» ሆኗል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ፤ እርስዎ በላቲን ፊደል ይተይቧቸው። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህ ሥራ ደሴ ተቀምጠው በኔትወርክ የሚሠሩት አይደለም። ማሽኑ ሲነሳ ቢቆም ኤስኤስኤች የሚባል የርቀት መግቢያ አይኖርምና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ስክሪኑ ፊት ይቀመጡ። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው የግሩብ (የማስነሻው) ዝርዝር ሲመጣ «ኢ» የምትለዋን ፊደል ይጫኑ፤ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ክፍተት ትተው «ኢንፎርሲንግ=0» ብለው ይጨምሩና በኮንትሮል ኤክስ ያስነሡት። ይህ ለዚያ አንድ መነሣት ብቻ የሚሠራ ሲሆን በኮንፊጉ ላይ ከተጻፈው ይቀድማል፤ ፖሊሲው ባይገኝም ሲስተምዲ አልፎ ይሄዳል።

ገብተው ፋይሉን ሲከፍቱ ሁለተኛውን መስመር «ታርጌትድ» ያድርጉት። /ኢቲሲ/ኤስኢሊኑክስ/ታርጌትድ/ፖሊሲ ውስጥ ስሙ «ፖሊሲ» ብሎ በቁጥር የሚያልቅ ፋይል መኖሩንም ይመልከቱ። ከሌለ «ኤስኢሊኑክስ-ፖሊሲ-ታርጌትድ» የተባለውን ጥቅል ዲኤንኤፍ በተባለው የፕሮግራም መጫኛ ይጫኑ። የመጀመሪያውን መስመር ግን «ፐርሚሲቭ» (ሳይከለክል ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚጽፍ) ይበሉት እንጂ አሁን «ኢንፎርሲንግ» አይበሉት። ኤስኢሊኑክስ በየፋይሉ ላይ የሚያነበው ምልክት፣ ማለትም የፋይሎቹ መለያ፣ ሳይታደስ ኢንፎርሲንግ አይጻፍ! ይህን የምለው ሁለተኛ ችግር እየጠበቀዎት ስለሆነ ነው። ቁጥጥሩ ጠፍቶ በቆየበት ዘመን ሁሉ የተፈጠሩት ፋይሎች የኤስኢሊኑክስ መለያ የላቸውም፤ የሁለተኛውን መስመር ቃል ብቻ ቢያርሙ ኖሮ ማሽኑ ከዚህኛው ግድግዳ አልፎ ከሚቀጥለው ጋር ይጋጭ ነበር።

መለያው በአነሣሡ ላይ ይህን ያህል ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ፤ ነገሩን የተረዳ ሰው ግማሹን ብልሽት በራሱ ያገኘዋል። ከርነሉ ገና ሲነሣ ኤስኢሊኑክስ በውስጡ አለ፤ ፖሊሲው ግን የለውም። በሩ ላይ ቆሞ የስም ዝርዝሩ ገና ከቢሮ ያልመጣለት ዘበኛ ማለት ነው፤ ማንንም መመለስ አይችልምና ሁሉንም ያሳልፋል። ዝርዝሩ ለምን ዘገየ ቢሉ፣ ፖሊሲው የሚገኘው በዋናው ዲስክ ላይ ስለሆነ ነው፤ ዲስኩን ለመክፈት ደግሞ መጀመሪያ ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለው ትንሹ ጊዜያዊ ሲስተም ተነሥቶ ድራይቨሮችን መጫን፣ ዲስኩን መፈለግና ማውንት ማድረግ አለበት። በዚያን ጊዜ የሚሠራ ነገር ሁሉ «ከርነል_ቲ» በሚባል መለያ ሥር ይሮጣል። ቀጥሎ ወደ ዋናው ዲስክ ሲሻገር፣ የሂደት ቁጥሩ 1 የሆነው ሲስተምዲ ሌላ አገልግሎት ከማስነሣቱ በፊት ኮንፊጉን ያነባል፣ ፖሊሲውን ወደ ከርነሉ ይጭናል። ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ፖሊሲው ሲገባ ሲስተምዲ ራሱ ገና «ከርነል_ቲ» ነው፤ ስለዚህ የራሱን የፕሮግራም ፋይል ዲስኩ ላይ ይመለከትና በፋይሉ ላይ «ኢኒት_ኤግዜክ_ቲ» የሚል መለያ ካገኘ ከዚያ አስልቶ ራሱን ወደ «ኢኒት_ቲ» ይለውጣል። የዳታቤዙም፣ የኤስኤስኤቹም፣ የድረ ገጹም አገልግሎት ትክክለኛ መለያውን የሚያገኘው ከዚህ ከ«ኢኒት_ቲ» በመነሣት፣ የየራሱን ፕሮግራም ፋይል መለያ መሠረት አድርጎ ነው። ያቺ አንዲት ፋይል መለያዋን ካጣች የሰንሰለቱ የመጀመሪያው ቀለበት ይሳሳታል፤ ከሥሩ ያለውም ሁሉ የማይገባውን መለያ ይዞ ይነሣል። በፐርሚሲቭ ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጽፋል፤ በኢንፎርሲንግ ግን መግቢያ እንኳ ላያገኙ ይችላሉ።

በዚህ ምክንያት ነው ከኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ገብተው የተረሳ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ የሚቀይሩ ሰዎች ቀይረውም መግባት የሚያቅታቸው። እዚያ ፖሊሲ ስላልተጫነ ፓስወርዱን የሚይዘው አዲሱ የሻዶው ፋይል ያለ መለያ ይጻፋል።

እንግዲህ ኮንፊጉ በፐርሚሲቭ ላይ እንዳለ «ፊክስፋይልስ -ኤፍ ኦንቡት» ብለው ሪስታርት ያድርጉ፤ በትእዛዙ ውስጥ ያለችው «ኤፍ» ትልቋ ፊደል ናት። ማሽኑ ሲነሣ እያንዳንዱን ፋይል እየዞረ መለያውን ያድሳል፣ ሲጨርስም ራሱ እንደገና ይነሣል። ብዙ ፋይል ባለበትና ባረጀ ዲስክ ላይ ይህ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ቆመ ብለው እንዳያጠፉት። መብራት ሲሄድ ለማሟያ የምንገዛቸው ርካሽ ዩፒኤሶች ደግሞ ባትሪያቸው ገና በካርቶኑ ውስጥ የሞተ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከመጀመርዎ በፊት ከግድግዳው ነቅለው ይሞክሩት። በመካከል ቢቋረጥ እንኳ የትእዛዙ ምልክት የሆነው /.አውቶሪሌብል የሚሰረዘው ሥራው ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ በሚቀጥለው መነሣት እንደገና ይጀምራል፤ ፋይል ሲስተሙ በመብራት መቋረጥ እንዳይጎዳ ግን ባክአፕዎ ከማሽኑ ውጭ ይኑር።

ሲነሣ «ፒኤስ -ዜድ 1» ብለው ይጠይቁት፤ እዚህም «ዜድ» ትልቋ ናት። በመልሱ ውስጥ «ኢኒት_ቲ» ካዩ ሰንሰለቱ ተስተካክሏል። «ከርነል_ቲ» ካዩ «ሪስቶርኮን -ቪ /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተምዲ» ብለው ሪስታርት ያድርጉ። ከዚያ ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው ይሥሩበት፤ የተለመደው ሥራ ሁሉ፣ ማታ የሚሮጠው ባክአፕ ጭምር፣ አንዴ ካለፈ በኋላ «ኤዩሰርች -ኤም ኤቪሲ -ቲኤስ ቡት» በሚለው ትእዛዝ ምን ሊከለከል እንደነበረ ይዩ።

የዳታቤዙ ፋይሎች ከተለመደው ቦታ ወጥተው /ዳታ ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ ክልከላው ከዚያ ይመጣል። «ችኮን» በሚለው ትእዛዝ መለያ መለጠፍ የብዙዎች ልማድ ነው፤ ነገር ግን መለያ በታደሰ ጊዜ ይጠፋል። «ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት» ብለው ቦታውን በቋሚነት ያስመዝግቡና በሪስቶርኮን ያጽኑት። ከዚህ የባሰው ክልከላውን ሁሉ ሰብስቦ ሳያነቡ በ«ኦዲት2አላው» መፍቀድ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ቁጥጥሩን ማብራቱም ትርጉም የለውም።

የክልከላው ዝርዝር ሲጸዳ ወዲያው ኮንፊጉን አይንኩ። መጀመሪያ «ሴትኤንፎርስ 1» ብለው ያብሩት፤ የተከፈተውን ተርሚናል ሳይዘጉ በሌላ ተርሚናል ይግቡ፣ የመጋዘኑን ፕሮግራምም ይክፈቱ። አንድ ነገር ከተበላሸ «ሴትኤንፎርስ 0» ይመልስዎታል። ሁሉም ከሠራ ኮንፊጉን «ኢንፎርሲንግ» አድርገው ስክሪኑ ፊት እንዳሉ ሪስታርት ያድርጉት። ደግሜ እላለሁ፤ መለያው ሳይታደስና በፐርሚሲቭ ሳይፈተሽ ያቺ ቃል እንዳትጻፍ።

ግምቴ ስቶ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያውም «ታርጌትድ» ሆኖ ካገኙት የተጎዳው የፖሊሲው ፋይል ራሱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ዲኤንኤፍ ሪኢንስቶል ኤስኢሊኑክስ-ፖሊሲ-ታርጌትድ» ብለው መልሰው ይጫኑት፤ ዲስኩም ከገበያ የተለቀመ ስም የለሽ ኤስኤስዲ ከሆነ በ«ስማርትሲቲኤል» ያስመርምሩትና የ«ጆርናልሲቲኤል -ቢ» ውጤት ከነምርመራው ይላኩልኝ።