ብላይንዱ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎን መስኮቱ ላይ የቆርቆሮ ብላይንድ አለ፣ ያ አግድም የሚደረደረው። የድሮው ተከራይ ትቶት የሄደው ነው። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ድረስ ሳብኩት፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ። ባለቤቴ በጉልበት ልሳበው ሲል ከለከልኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በታች በኩል እየገባች ቴሌቪዥን አላሳይ ብላናለች። ነቅዬ መጋረጃ ልስቀል ወይስ ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደግ አደረግሽ የከለከልሽው። ይሠራል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፣ የተቆለፈ ነገር እንጂ። ገመዱ ወደ ላይኛው ሳጥን የሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ፣ ጥርስ ጥርስ ያላት ጥቅልል አለች። ብላይንዱ ባለበት የሚቆመው እሷ ገመዱን ጨቁና ስለምትይዘው ነው። የምትለቀው ደግሞ ገመዱን ትንሽ ወደ ታች ሳብ አድርገሽ ወደ መስኮቱ መሃል ሰያፍ ስትወስጂው ነው። ብዙ ሰው ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይጎትትና ይለቀዋል፣ እሷም መልሳ ትቆልፋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዶቹን ሁሉ ባንድ እጅ ሰብስበሽ ይህን ሞክሪ። በአንዳንዱ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፣ በሁለቱም ወገን ሞክሪው።

ካልሆነ አቧራ ነው። ዙሪያውን ሕንፃ እየተሠራ መስኮት ከፍቶ መዋል ምን እንደሚመስል ለጀሞ ሰው አልነግርም። ባለቤትሽ ጉልበቱን እዚህ ላይ ያውጣው፦ የታችኛውን ዘንግ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይያዝልሽ፣ ክብደቱ ከገመዱ ላይ ይነሳ። አንቺ ወንበር ላይ ወጥተሽ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጥቅልሏን ከሥር ወደ ላይ ገፋ አድርጊያት። ጠቅ ስትል ገመዱ እጅሽ ላይ ሲላላ ይታወቅሻል። እኔ ቤት አንዴ እንዲህ ሳደርግ የሲሚንቶ አቧራና የሸረሪት ድር ተጋግሮ እንደ ሊጥ ሆኖ ወጣልኝ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። የወጥ ዘይት ወይም ግሪስ ግን እንዳትቀቢ፣ ለአንድ ሳምንት ይንሸራተትና ከዚያ አቧራውን ሁሉ ለቅሞ ከበፊቱ የባሰ ይይዛል። ካገኘሽ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ ያውም ትንሽ።

ገመዱ ተተልትሎ ፀጉር ካወጣ ግን መቀየር ነው። ከታችኛው ዘንግ ሥር ትናንሽ ክዳኖች አሉ፣ ቋጠሮው እዚያ ውስጥ ነው። ፍቺው፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ገመድ ጫፍ በላይተር አቅልጠሽ አጣብቂና ሳቢ፤ አሮጌው አዲሱን እየመራ ያስገባዋል። ውፍረታቸው እኩል ይሁን፣ አለዚያ ጥቅልሏ አትይዘውም።

ደግሞ ከመሳብሽ በፊት ቆርቆሮዎቹን ጠፍጣፋ አድርጊያቸው። ተዘግተው ሲሳቡ ገመዱን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ልጅ ካለ የገመዶቹን ጫፍ አንድ ላይ አትቋጥሪ፣ አንገት የሚገባበት ቀለበት ይሆናል። ከፍ አድርገሽ ምስማር ላይ ጠቅልይው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አፓርታማው ውስጥ ያለው ብላይንድ ጭራሽ ገመድ የለውም። ወደ ላይ ስገፋው መልሶ ይወርዳል፣ አይቆምም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያ አገር ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ተዘጋጅተው ሱቅ የሚሸጡት ገመድ አልባ ወይም ገመዳቸው እጅ የማይደርስበት እንዲሆኑ የደኅንነት ደረጃ ወጥቷል፣ በልጆች ምክንያት። ያንተን የሚይዘው ሳጥኑ ውስጥ ያለ ስፕሪንግ ነው። ሲላላ እንዲህ ያደርጋል። የታችኛውን ዘንግ በሁለት እጅህ መሃሉ አካባቢ ይዘህ እስከ መጨረሻው አውርደው፣ ከዚያ እስከ ላይ ውሰደው፤ ሦስት አራቴ ደጋግመው። ባንድ እጅ ዳር ይዘህ ከገፋኸው ይጣመማል። ከዚህ በኋላም ካልቆመ ሳጥኑን አትክፈት፣ ስፕሪንጉ እጅ ላይ ይፈነጠራል። ኪራይ ቤት አይደል? የሕንፃው ጥገና ክፍል ጋ ደውል፣ ያውም ቤቱን ከመልቀቅህ በፊት፣ ኋላ ከዲፖዚትህ እንዳይቆርጡብህ።